«ኩላሊት» በሕክምና መምህሩና በሕመምተኛው አንደበት

ሰው «ኩላሊቴን ያመኛል» ሲል እጁ ወዴት እንደሚሄድ ያስተዋለ ሁሉ የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ ግማሹን ዐውቆታል። እጁ የሚሄደው ወደ ሽንጡ ነው፤ ከጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ በላይ ወዳለው ሥፍራ። ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የዋለ የሐብሩ ገበሬ፣ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች የመርሳ ሴት፣ ሽንቱን የሚያቃጥለው የወልድያ ወጣት፣ ሌሊት በመንገድ ላይ ብርድ የመታው ነጋዴ፣ አራቱም «ኩላሊቴን» ይላሉ። ከአራቱ መካከል ኩላሊቱ በእውነት የተነካ አንድ እንኳ ላይኖር ይችላል።

የኩላሊትን በሽታ የሚመረምረውና ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ሐኪም ግን ዕድሜውን የሚያውልበት ጉዳይ በአብዛኛው ከዚህ ሕመም ጋር አይገናኝም። ኩላሊት ቀስ በቀስ ሥራውን የሚያጣበት በሽታ ለወራትና ለዓመታት ያለ ሕመም ይጓዛል፤ ሕመምተኛው ሲታወቀው ብዙ ጊዜ እጅግ ዘግይቷል። በዓለም ዙሪያ ከዐሥር ዐዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወይም በሌላ ደረጃ ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። እንግዲህ አንድ ቃል በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ ለአንደኛው የሚያመውን፣ ለሌላው የማያመውን ነገር ይነግራል ማለት ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች ነው ተብሎ ለእነርሱ ብቻ ሊተው አይገባውም፤ የቋንቋ ሊቃውንትና ተርጓሚዎች ድርሻ ከፍ ያለ ነውና።

መምህሩ በምን ቋንቋ እንደሚኖር በቅድሚያ እንመልከት። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተ ወዲህ የጤና ባለሙያዎች የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ቆይቷል። በ2004 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መንገድ የሚጓዝ ነው። ስለሆነም በዚያ ከተማ የሕክምና መምህር የሆነ ሰው ጧት በክፍል ውስጥ ስለ ኩላሊት የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ረፋድ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር በሕሙማን አልጋ ዙሪያ ሲቆም ሕመምተኛውን በአማርኛ ይጠይቃል፤ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይተነትናል፤ ሕመምተኛውም የተፈረደበትን ነገር ለማወቅ ፊታቸውን ብቻ ያነባል። ማታ ደግሞ መምህሩ ተመራማሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ በአማርኛ የተሰበሰበውን መልስ በእንግሊዝኛ ጽፎ ለዓለም ያቀርባል። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ድንበር የሚሻገር ተርጓሚ በሌላ ሙያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ ማንም ተርጓሚ ብሎ አይጠራውም፤ የትርጉም ትምህርትም አልተሰጠውም።

ቃሉ ራሱ ጥንታዊ ነው። በግእዝ ነጠላው «ኵሊት»፣ ብዙው «ኵልያት» ነው፤ ዐረብኛው «ኩልያ» ይለዋል፤ ዕብራይስጡም የዚሁ ዘር ነው። የጁ ውስጥ በዳና የእስልምና ትምህርት ማእከል ዐረብኛ የተማረ ደረሳና በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የደገመ ተማሪ ስለ ብልቱ ስም ቢጠያየቁ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። በመዝሙረ ዳዊት ኩላሊት ከልብ ጋር ተጣምሮ ይጠራል፤ በዚያም የሚያመለክተው የሰውን ስውር አሳብ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ግን ከነስቡ የሚቀርብ የመሥዋዕት ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ ምሥጢር የለውም፤ በግ ያረደ ሁሉ ያውቀዋል። የአማርኛው «ኩላሊት» በጥንቃቄ ሲጻፍ «ኵላሊት» መሆን ነበረበት የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ዋናው ነገር አማርኛ ለብልቱ ስም አለማጣቱ ነው። የጎደለው ስም የበሽታው ነው።

የብልቱ ሥራ እንዴት እንደሚነገር እንመልከት። ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ያህል ይቀበላሉ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን የሥራ ክፍሎች አሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ይጠልላሉ፤ ከዚህ ውስጥ በሽንት መልክ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይህን ሥራ የትምህርት መጻሕፍት «ማጣራት» ይሉታል። እኛ ለመጀመሪያው ተግባር «ማጥለል» የተሻለ ነው እንላለን። «ማጣራት» ዛሬ ብዙ ሸክም የተጫነበት ግሥ ነው፤ ነዳጅ ይጣራል፣ ወሬ ይጣራል፣ ሒሳብና የፍርድ ቤት ጉዳይም ይጣራል። «ማጥለል» ግን ጠላ የጠመቀ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ቀጭኑ ያልፋል፣ ወፍራሙ ይቀራል። የኩላሊት ማጥለያ ሲጎዳም መቅረት የነበረበት ፕሮቲን ወደ ሽንት ያልፋል፤ ሽንቱም አረፋ ያወጣል። ማጥለያው የተቀደደ ጠላ ምን እንደሚመስል ለምታውቅ ሴት ይህ ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ከተጠለለው 180 ሊትር ውስጥ አብዛኛው ተመልሶ መመጠጡን ጠላ አያስረዳም። ስለዚህ ለሁለተኛው ተግባር «መልሶ መምጠጥ» የሚለው አጠገቡ መቆም አለበት፤ «ማጣራት» ደግሞ ለጠቅላላው ሥራ ይቆይ።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንመለስ። አማርኛ «ሕመም»፣ «በሽታ» እና «ደዌ» የሚሉ ሦስት ቃላት አሉት። «ደዌ» ወደ መጽሐፍ ቋንቋ አዘንብሏል። «ሕመም» ከ«አመመ» የወጣ ስለሆነ ስሜቱ ከውስጡ አይለይም፤ ያልተሰማ ሕመም ማለት ለተናጋሪው ጆሮ ሳይበሉ መጥገብ እንደማለት ነው። «በሽታ» ግን ሳይሰማም ሊኖር ይችላል። ሆኖም በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በየጽሕፈት ቤቱ «የኩላሊት ሕመም» እና «የኩላሊት በሽታ» እንደ አንድ ሆነው ይሠራባቸዋል፤ «የኩላሊት ሕመምተኛ» የሚለውም ተመሥርቶ ጸንቷል። ሰሚው «ሕመም» የሚለውን ሲሰማ ወደ ሽንጡ ያስባል፤ ሽንጡን ካላመመው ደግሞ ነገሩ እንደማይመለከተው ይደመድማል። ስኳር ያለበት ወይም ደም ብዛት ያለበት ሰው ለኩላሊቱ እንዲመረመር ሲነገረው «እኔ ኩላሊቴን አያመኝም» ብሎ ቢመለስ የሰማውን ቃል በትክክል መተርጎሙ ነው።

ይህ ችግር ከሁሉ ይልቅ ስውር የሚሆነው በምርምሩ ላይ ነው። በአገራችን የጤና ጥናቶች መጠይቁ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ከዚያም አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል፤ ሌላ ሰው የአማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ከተስማሙ ትርጉሙ ጸድቋል ይባላል። በየጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ሂደት እንደ ጸሎት መክፈቻ በአንድ ዓይነት ቃል ተጽፎ ይገኛል። እስቲ አንድ ጥያቄ በዚህ ወንፊት እናሳልፍ። «ከቤተሰብዎ የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው አለ?» የሚለው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ያለ እንከን ይመለሳል። ሁለቱም ተርጓሚዎች የተማሩ ናቸው፤ ሁለቱም «የኩላሊት በሽታ» ሲሉ በመጽሐፍ ያነበቡትን ያስባሉ። አሁን ያው ጥያቄ መርሳ ላይ በአንዲት እናት ቤት ደጃፍ ይነበብ። «አዎ፣ እኅቴን ኩላሊቷን ያማታል» ትላለች፤ እኅቷ ግን የወገብ ጡንቻ ሕመም ያለባት ልትሆን ትችላለች። ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ምግብ አስጠልቶት፣ ትንፋሽ አጥሮት የሞተውን አጎቷን ግን አታነሣውም፤ በእርሷ አማርኛ እርሱ የሞተው «አብጦ» ነው፤ ኩላሊት አልተጠራም። የሌለው ተቈጠረ፤ የነበረው ተዘለለ። ቍጥሩ በሠንጠረዥ ገብቶ ወደ መቶኛ ተለውጦ ሲወጣ ስሕተቱ አይታይም።

እንግዲህ ይህ የመመለስ ፈተና የሚለካው የሁለት ተርጓሚዎችን ስምምነት ነው። በቃሉና በተጠያቂው መካከል ያለውን ርቀት አይለካም፤ ሊለካም አልተሠራም። በተግባር የሚበጀው ተጠያቂውን «ይህን ስጠይቅዎት ምን ተረዱ? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ብሎ በቅድሚያ በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር ነው። ሁለተኛም በስሙ ፋንታ ምልክቱን መጠየቅ ይቻላል፤ ፊት ማበጥ፣ የእግር ውሃ መቋጠር፣ የሽንት ማነስ፣ አረፋ ማውጣት፣ ሐኪም «ኩላሊት ደክሟል» ማለቱ። በነገራችን ላይ የበሽታው ታሪክ ራሱ የተጀመረው ከእብጠት ነው። የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ብራይት እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ የሰውነት እብጠትን፣ ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ የሚረጋ ነገር ያለበትን ሽንትና በአስከሬን ላይ የታየ የኩላሊት ጉዳትን ያያያዘው ምልክቶቹን ተከትሎ ነበር። የመርሳዋ እናት «አብጦ ሞተ» ስትል የብራይትን የመጀመሪያ እርምጃ መራመዷ ነው።

ከኩላሊት ስም ውጭ ያሉ ቃላትም ሕመምተኛውን ያሰናክሉታል። ከሁሉ የሚያስገርመው የ«ደም ብዛት» እና የ«ደም ማነስ» ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው በሕዝብ አንደበት የደም ግፊት ከፍታ ስም ነው። ሁለተኛው ቀይ የደም ሕዋሳት ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን የማነስ ስም ነው። በሳይንሱ ዘንድ አንዱ የሌላው ተቃራኒ አይደለም፤ አንዱ የግፊት ልክ፣ ሌላው የደሙ ይዘት ልክ ነው። በቋንቋው ግን ብዛትና ማነስ ፊት ለፊት የቆሙ ተቃራኒዎች ናቸው። አሁን ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይምጣ። ኩላሊት ጨውና ውሃ ማስወገድ ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምራል፤ ደም እንዲመረት የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ማምረት ሲያቅተው ደግሞ ደሙ ያንሳል። ሐኪሙ በአንድ ቀን «ደም ብዛት አለብህ፤ ደም ማነስም አለብህ» ቢለው ሕመምተኛው ምን ያስብ? አንዱ ለሌላው መድኃኒት ይሆነዋል ብሎ ቢተወው፣ ወይም ሐኪሙ ተሳስቷል ብሎ ቢሄድ ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ «የደም ግፊት ከፍታ» የሚለው ስያሜ በጽሑፍ ብቻ ሳይወሰን በቃልም እንዲለመድ መምህራኑ ለተማሪዎቻቸው አደራ ቢሉ መልካም ነው። «ደም ብዛት» ከሕዝብ አፍ ይጠፋል ብለን አንጠብቅም፤ በኩላሊት ሕሙማን አልጋ አጠገብ ግን ባይነገር ይመረጣል።

ከሁሉ ይበልጥ ልንቈይበት የሚገባን ቃል «የኩላሊት እጥበት» ነው። ኩላሊት ሥራውን ፈጽሞ ሲያቆም ደምን በመሣሪያ የማጽዳትን ሕክምና ዜና አንባቢውም፣ እርዳታ አሰባሳቢውም፣ ሕመምተኛውም በዚህ ስም ይጠራዋል። የሕክምናው መሣሪያ የተሠራው በጦርነት ጊዜ በኔዘርላንድስ ነው፤ ቪለም ኮልፍ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ካምፐን በተባለች ከተማ የሠራው ነበር። በዛሬው አሠራር የሕመምተኛው ደም በቱቦ ወጥቶ በስስ ገለፈት አጠገብ ያልፋል፤ ቆሻሻውና ትርፍ ውሃው በገለፈቱ ወደ ማጠቢያው ፈሳሽ ይሻገራል፤ ደሙም ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይደረጋል። እንግዲህ የሚታጠበው ደሙ ነው። ኩላሊቱን የሚነካው የለም።

ለመሆኑ ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ ነውን? አይደለም። የታጠበ ነገር ንጹሕ ይሆናል፤ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ እስኪቆሽሽ ድረስ ይቆያል። በየመንደሩ «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ የሚወደስ መጠጥ አለ፤ ስያሜው ከዚህ እምነት ጋር ሳይታሰብ ይገጥማል። ስለሆነም ቤተሰቡ ከብት ሸጦ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ሕመምተኛውን ከሐብሩ ወደ ሩቅ ከተማ ሲልከው፣ ኩላሊቱ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ እንዲመለስ ነው። ሕክምናው ግን የኩላሊቱን ሥራ ተክቶ ይሠራል እንጂ ኩላሊቱን አያድንም፤ ንቅለ ተከላ ካልተገኘ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው። ይህን ቀደም ብሎ የተረዳ ቤተሰብ በገንዘቡ ላይ ሌላ ውሳኔ ሊወስን ይችል ነበር። የተሳሳተ ስያሜ ጥማድ በሬ ያሸጣል ብንል አላጋነንም።

ምን ይባል? «የደም እጥበት» የሚለውን ብዙዎች ይደግፉታል፤ እኛም ወደዚያው እናዘነብላለን። ሁለት ተቃውሞዎች ግን ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ደም «ይታጠባል» መባሉ ሕመምተኛው ደመ ቆሻሻ እንደሆነ ያስመስላል ይባላል፤ ይህ ደካማ ተቃውሞ ነው። ሁለተኛው ይበረታል። ደም ከሰውነት ሳይወጣ፣ ፈሳሽ ወደ ሆድ ውስጥ ገብቶ በሆድ ዕቃ ሽፋን በኩል ማጽዳቱ የሚፈጸምበት ሌላ ዓይነት አለ፤ ለዚህኛው «የደም እጥበት» በቀጥታ አይስማማም። ስለሆነም ለመጀመሪያው «በመሣሪያ የሚደረግ የደም እጥበት»፣ ለሁለተኛው «በሆድ በኩል የሚደረግ እጥበት» ቢባል፣ ለጠቅላላውም «እጥበት» ብቻውን፣ ወይም በሆስፒታል ሠራተኞች አፍ የቆየው «ዲያሊሲስ» ቢያገለግል እንቀበላለን። «የኩላሊት እጥበት» ግን በማናቸውም መንገድ ወደ መዝገበ ቃላት እንዲገባ አንመክርም፤ ከገባም ከዋናው ስያሜ ጋር በማመሳከሪያ ብቻ ይግባ።

ስለ «ንቅለ ተከላ» የምንለው ከዚህ የተለየ ነው፤ ይህ የተሳካ ስያሜ ነው። በግእዙ አጋናዛቢ ሥርዐት የተያያዘ ቢሆንም ሁለቱም ግሦች የገበሬ ናቸው። በመርሳ ዙሪያ ፍራፍሬና አትክልት የሚያለማ ገበሬ ችግኝ ከመደብ ነቅሎ በማሳ መትከል ምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ፣ አፈሩ ካልተቀበለው እንደሚደርቅ ያውቃል። ሰውነት የተተከለበትን ብልት እንደ ባዕድ ሊገፋው የሚችል በመሆኑ ዕድሜ ልክ መድኃኒት መውሰድ ማስፈለጉን ለማስረዳት ከዚህ የተመቸ መነሻ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ላይ የተሳካው የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመንታ ወንድማማቾች መካከል የተደረገው ሰውነት ባዕድን የመግፋቱን ችግር ለማምለጥ ነበር። በአገራችን ሥራው የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር ብቻ አለ። «ንቅለ» ሲባል ሕመምተኛው የራሱ ኩላሊት የሚነቀል ይመስለዋል። የሚነቀለው ግን የለጋሹ ነው፤ የሕመምተኛው ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ይቀራሉ፤ አዲሱ ዝቅ ብሎ ከዳሌ አጥንት አጠገብ ይተከላል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ዐረፍተ ነገር በፍቹ ውስጥ ቢጨመር ስያሜው ምንም አይጎድለውም።

«ሥር የሰደደ» የሚለውን ቅጽል ደግሞ በጥርጣሬ እናየዋለን። ሐኪሙ በዚህ የሚተረጉመው ቃል ስለ ጊዜ ብቻ የሚናገር ነው፤ የኩላሊት ጉዳት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ይህን ስም ያገኛል፤ በክብደቱ ግን ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይለያያል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ሰው ዘመኑን በደህና ሊጨርስ ይችላል። በአማርኛ ግን ሥር የሰደደ ነገር የጸና፣ የማይነቀል ነው። በደረጃ አንድ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። «የሰነበተ የኩላሊት በሽታ» ቢባል መሰንበት የጊዜን ቍጥር እንጂ የክብደትን ፍርድ አይሰጥም። ጆሮ እስኪለምደው እንግዳ መምሰሉ አይቀርም። ስለ «የኩላሊት ድካም» ብዙ አንልም፤ «የልብ ድካም» መንገዱን ጠርጎለታል፤ በእንግሊዝኛው ቃል ተስበው «የኩላሊት ውድቀት» የሚሉት ግን ከአማርኛው ይልቅ ለመጽሐፋቸው የታመኑ ናቸው።

«ኔፍሮን»ን፣ «ክሪያቲኒን»ንና የመሳሰሉትን በግእዝ ሥር ለመተካት መድከም ጥቅም የለውም። ሕመምተኛው የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዞ «ክሪያቲኒኔ ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል፤ ቃሉ ገብቷል።

ከላይ ያልነው ሁሉ በመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ወደ አንድ የፍች አቀማመጥ ይወርዳል። «ኩላሊት» በሚለው ቃል ሥር ብልቱን የሚፈታ አንደኛ ፍች ይኖራል። ሁለተኛ ፍች ግን ሊኖር ይገባል፤ ይኸውም «በሕዝብ አነጋገር፣ ሽንጥ፤ ከጎድን አጥንት በታች ያለ የጀርባ ክፍል፤ ኩላሊቴን ያመኛል እንዲሉ» የሚል ነው። ይህ ፍች ስሕተት ተብሎ መተው የለበትም፤ ሕዝብ የሚናገርበት ነውና። ሦስተኛም የቍጥር ማሳሰቢያ ይጨመር። አማርኛ ተናጋሪ «ኩላሊቴ» ሲል ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ሐኪም «ኩላሊትህ ደክሟል» ሲል አንዱ ነው ሁለቱም የሚለው ግልጽ አይሆንም። አንዱን ለወንድሙ ለግሶ በቀረው በጤና ሊኖር ስለሚችል ሰው ስንናገር ደግሞ ልዩነቱ ብዙ ነገር ይወስናል። ተርጓሚው እዚህ ላይ «ሁለቱም ኩላሊቶች» ወይም «አንደኛው ኩላሊት» ብሎ መጻፍ አለበት፤ በእንግሊዝኛው ብዙ ቍጥር ያለውን በአማርኛ ነጠላ ማስቀረት በሌላ ጽሑፍ ምንም ላይጎዳ ይችላል፤ በለጋሽነት ስምምነት ወረቀት ላይ ግን አይፈቀድም።